አባባ የመረጡት የዳቦ መኪና

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ብሎ ተቀመጠ? ባለቤትሽ ሥራው እንዴት ነው? ልጆቹስ አደጉ? አማትሽ ያ ሳላቸው ተሻላቸው? ጎረቤቱ፣ ግቢው፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። ይቺን «ደህና ናቸው» የምትለዋን ሆን ብዬ ነው ከመጀመሪያው ያስቀመጥኳት፤ ከታች ያለውን ስታነቢ ልብሽ ከራደ ወደ እሷ ተመለሺ። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነም ቁጭ በይ። እሳት ላይ የጣድሽው ነገር ካለ ደግሞ አውርጂው፣ አለዚያ ማረሩ አይቀርም።

እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ይህን ወረቀት አንስቼ መልሼ ሳስቀምጥ ሰነበትኩ። ትናንት ስፌት ቤት አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አለቃዬ ምን ነካሽ አለችኝ። የነካኝን ብነግራት የምታምነኝ ስላልመሰለኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኳት።

እንደምታውቂው አባባን ወደ እኔ የላክሻቸው ለዓይናቸው ነው። እዚያ ሞራ የሚገፍ ጥሩ ሐኪም አለ፣ ወስደሽ አሳዪልኝ ብለሽ አደራ ሰጥተሽኛል። እኔም ከመጡ ጀምሮ እንሂድ ስል፣ እሳቸው ነገ ሲሉ፣ ነገ ሲደርስ ሌላ ነገ ሲሉ ከረምን። ስጨቀጭቃቸው ደግሞ እማማ ካረፈች ወዲህ የሚሏትን ያቺኑ ይሉኛል፤ «ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የማየው?» ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለችብኝ ትንሽ ጭጋግ ነገር ናት፣ ጠዋት ጠዋት ነው የምታስቸግረኝ፣ ፀሐይ ስትወጣ እሷም ትሄዳለች ይሉኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ አመንኩ። ለምን አላምን? ሻያቸውን ራሳቸው ይቀዳሉ፤ ጠብታ አያፈሱም። አከራያችን ገና ከውጭ በር ስትገባ ቀድመው እንዴት ዋልሽ ይሏታል። ሸሚዛቸውን አጥፈው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነው የሚያስቀምጡት። ያየ ሰው መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ነው የሚመስለው።

ከግቢያችን አጥር ጀርባ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲጠግን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል ደስተኛ ሰው። በዚያው ቆርቆሮ ቤት አብሮት የሚሠራ አንድ በያጅ አለ። እሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቃል የሚያወጣው እንደ መድኃኒት እየመጠነ ነው። አባባ እኔ ሥራ ስሄድ አጥሩን ይዘው ወጥተው እነሱ ዘንድ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። ካፖርታቸው ጎማ ጎማ ቢሸትም ደስ አለኝ። ብቻቸውን ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ከሚውሉ ሰው መሀል ይዋሉ፣ ልባቸው ሲለሰልስ ሐኪም ቤቱንም እሺ ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ልባቸው በምን እንደሚለሰልስ ማን ነግሮኝ!

አንድ ቀን እራት ላይ ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ቅዳሜ መኪና ልመርጥ ነው አሉኝ። ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ለማን ነው ብላቸው ለጎሚስታው ነው አሉ። ለታክሲ ነው ወይስ ለጭነት ብላቸው ለድሪፍት ነው አሉኝ። እትዬ፣ ድሪፍት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። መኪና ሆን ተብሎ እንዲንሸራተት ይደረጋል፤ አፍንጫው ወደዚህ ሲያይ ጭራው ወደዚያ እየሄደ፣ ጎማው እየጮኸና እየጨሰ፣ ኩርባውን በጎኑ ይዞራል። ይህን ለጨዋታ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ውድድርም አለው አሉኝ። ይህን የሚነግሩኝ አባባ ናቸው እኮ! የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ሰው ያላጋጩ፣ ተሳፋሪው «እንቁላል ጫኝ» ብሎ ስም ያወጣላቸው፣ እኛን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ አንድ ጉድጓድ ለማለፍ ሊያስረፍዱን የሚደርሱት አባባ!

ጭራሽ የስኳሩን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ እየገፉ ያስረዱኝ ጀመር። ለዚህ ነገር አዲስ መኪና መግዛት ሞኝነት ነው፣ መጋጨቱና መቧጨሩ ስለማይቀር ርካሽና አሮጌ ይበቃል አሉ። ግን አሮጌ ሁሉ አይሆንም። ሞተሩ የኋላውን ጎማ የሚገፋ መሆን አለበት፤ ከፊት የሚጎትት ከሆነ ጭራው አይታዘዝም። ማርሹ በእጅ የሚገባ መሆን አለበት። ዕቃው በየቁርጥራጭ ተራው የሚገኝ መሆን አለበት። ሞተሩ ቢደክም ግድ የለም፣ ሆዱ ሥር ያለው ብረት ግን ያልታጠፈና ያልበሰበሰ ይሁን አሉኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። እማማ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ ስለማላውቅ ልቆጣ የከፈትኩትን አፌን መልሼ ገጠምኩት። ሾርባም ድገሚኝ አሉ።

ቅዳሜ እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማን ያውቃል ብዬ ነው። የመጀመሪያው መኪና አሮጌ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ፊት የሚያሳይ ነበር። ጎሚስታው ገና ሲያየው አበደ። ሙሽራ እንዳየ ሰው ዙሪያውን እየዞረ መስተዋቱን ያሻሻል፣ ክላክሱን ይነፋል። አባባ ጎንበስ ብለው ከኋላው ጎማ በላይ ያለውን ቆርቆሮ በጣት አንጓቸው ኳ ኳ አደረጉት። ወደ ውስጥ ደግሞ መዳፋቸውን ሰደው ዳሰሱ። «ይሄ ብረት አይደለም፣ ግድግዳ ነው» አሉ። ዝገቱ ላይ ስቱኮ ተለጥፎ፣ በላዩ ተቀብቶበት ነው ለካ። ሻጩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጎሚስታው ግን ቀለሟ እኮ፣ ቀለሟ እኮ እያለ በያጁ እጁን ይዞ ነው ያወጣው።

ሁለተኛው የአንድ ጡረተኛ መምህር መኪና ነው። ንጹሕ ነው፣ ምንጣፉ እንኳ ተጠርጓል። የሚጎትተው ግን የፊት ጎማው ነው። ጎሚስታው የእጅ ፍሬን እየያዝኩ አሽከረክረዋለሁ ብሎ ተከራከረ። በያጁ በዚያ ቀን ከተናገራቸው ጥቂት ቃላት አንዷን ያወጣው ያኔ ነው፤ «ውሸት» አለ፣ አለቀ። መምህሩም መኪናቸው ምን ሊሆን እንደነበር ሲገባቸው በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ሦስተኛዋን ነው የገዛናት። ገዛን ስልሽ ጎሚስታው ነው የገዛው፤ እኔም ሳላውቀው ውስጡ ገብቼ ነው። የአንዲት ባለ ዳቦ ቤት መኪና ናት። ቀለሟ ምን እንደነበር እግዜር ይወቅ፣ በየስንጥቋ ዱቄት ገብቶባት የተቦካች ነው የምትመስለው። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ የዳቦ ሳጥን ነው የሚደረደርባት። ሴትየዋ ምን ልታደርጉባት ነው ብትል ጎሚስታው ለቤተሰብ ነው ሊል ሲንተባተብ አባባ እውነቱን ነገሯት፤ ልናንሸራትታት ነው አሏት። ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፤ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን እንዳትንሸራተት ስጸልይ ኖሬ አለች። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በዱቄት እጇ እንባዋን ስትጠርግ ፊቷ ሁሉ ነጭ ሆነ።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይ። ጎሚስታው ለሙከራ አባባ ይንዱ ሲል እሳቸው እምቢ አሉ። እኔ መኪና የምሞክረው ከኋላ ነው አሉ። አውቶቡስ ሲታመም ቀድሞ የሚያውቀው የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ እንጂ ሹፌሩ አይደለም፣ ስለዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ጋራዥ የገባ አውቶቡስ ስቀበል ሌላ ሹፌር አስነድቼ እኔ ከኋላ ነበር የምቀመጠው አሉን። እውነት ነው አንቺም ትዝ ይልሻል። እናም የዳቦ ሳጥን ገልብጠው ከኋላ ተቀመጡ። ጎሚስታው ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ሰፈሩን ዞረን ስንመለስ የቀኙ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ያጉረመርማል፣ ይቀየር፤ ሞተሯም ደክሟታል፤ ሰውነቷ ግን አንድ ነው፣ ስትታጠፍ ሁሉ ነገሯ አብሮ ነው የሚታጠፈው፣ ይቺን ውሰዱ አሉ። እኔማ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር። ምን ያህል ቂል እንደነበርኩ አሁን ሳስበው ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሌላ ድንጋጤ ነው። ሰው መኪና ገዝቶ ዕቃ ይጨምርበታል፤ እነሱ ይቀንሱ ጀመር። ምንጣፉ ወጣ፣ የበሩ ልባስ ወጣ፣ ማሞቂያው ወጣ። በያጁ ደግሞ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ምንጊዜም እኩል እንዲዞሩ ብሎ ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ጥርሱን በየደው። ደህና የሚሠራ ነገር እንዴት ይበየዳል ብዬ ብጮህ አባባ ሳቁብኝ። ጎሚስታው ሰው ሊጥለው ያመጣውን ጎማ ሁሉ ሲያጠራቅም ከርሞ ለካ ለዚህ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ጥንድ ጎማ ይበላል አለኝ። እኔም አልቀረሁም። ከስፌት ቤት በተረፈ ሸራ ለሹፌሩ ወንበር ልባስ ሰፋሁላቸው። አባባ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰው እማማሽ ናት ያስተማረችሽ፣ ያስታውቃል አሉ። ዓይናቸውን ወደ ስፌቱ እንዳላደረጉ ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ያለፈው እሑድ ነው እንግዲህ። ከከተማው ወጣ ብሎ የተዘጋ ጡብ ፋብሪካ አለ፤ ሜዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሰው ዝር የማይልበት። ጥበቃው የጎሚስታው ወዳጅ ስለሆነ ከፈተልን። መሀል ሜዳው ላይ አንድ ቀይ በርሜል አቆሙ። ጨዋታው የመኪናዋን አፍንጫ ወደ በርሜሉ እያስጠጉ፣ ሳይነኩት መዞር ነው። እኔ ያንን ራሴ የሰፋሁትን ቀይ ካፖርት ለብሼ ነበር፤ ነፋስ ስለነበር እስከ አንገቴ ቆልፌዋለሁ። አባባ ነፋሱ ሲበዛባቸው ውኃ ሊጠጡ ከጥበቃው ጋር ወደ ክፍሉ ገቡ።

ጎሚስታው ቀድሞ ነዳ። ጋዙን ሲረግጠው ለዘመናት የተጠራቀመው ዱቄት በአየር ማስገቢያው ሁሉ እየቦነነ ወጣ። ጭሱ ከውጭ፣ ዱቄቱ ከውስጥ ሆኖ መኪናዋ እንደ ዳቦ ምድጃ ጨሰች። ምንም ሳያይ ዞሮ በርሜሉን በጭራዋ ገጨው፤ በርሜሉ እየተንከባለለ ሜዳው ዳር ገደል ነገር ውስጥ ገባ። እየሳለና እየሳቀ ወጣ። ሞተሯን እንኳ ሳያጠፋ፣ በሯን ክፍት ትቶ ከበያጁ ጋር በርሜሉን ሊያወጡ ሄዱ። እኔ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ቆሜ ነበር።

ያኔ አባባ ከክፍሉ ወጡ። እጃቸውን ትንሽ ወደፊት ዘርግተው ወደ ሞተሩ ድምፅ ሄዱ። ጣሪያዋን ዳሰሱ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ከነፋሱ ሊጠለሉ ነው አልኩ። ማርሽ ሲገባ ስሰማ ግን ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ሰውዬው ልባቸው ደካማ ነው፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መሪ ከያዙ ስንት ዘመናቸው! አባባ፣ ይውረዱ እያልኩ፣ እጄን እያወዛወዝኩ ሮጥኩ፤ ድምፄን ግን ሞተሩና ነፋሱ ዋጡት። መሀል ሜዳው ላይ ስደርስ መኪናዋ ተነሳች። ቆምኩ። ያዩኛል፣ ያቆማሉ ብዬ ነው። እንዴት አላስብ? ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ቀይ ለብሻለሁ፣ በመካከላችን አንድ ነገር የለም።

እትዬ፣ አላቆሙም። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ልሽሽ ብል ወዴት? ልትገጨኝ ትንሽ ሲቀራት አፍንጫዋን ነጥቀው አዞሯት፣ ጭራዋ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ጎማው ጮኸ፣ እናም እኔን መሀል አድርጋ ትዞረኝ ጀመር። የፊት መብራቷ እኔን እያየኝ፣ ጭራዋ በውጭ እየተንሸራተተ፣ ዱቄቱና ጭሱ እየሸፈነኝ። አንድ ዙር ጨርሰው ሁለተኛ ጀመሩ፤ ሁለተኛው ይባስ ተጠጋኝ፣ የካፖርቴን ጫፍ ነፋሱ ሲያነሳው ይታወቀኛል። እዚያ መሀል በፊት መስተዋቱ ውስጥ ፊታቸውን አየሁት። ፈገግ ብለዋል። እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ በሕይወቴ ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፤ ግን እኔን አያየኝም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብጮህም የጎማው ጩኸት ዋጠው። ከዳር ደግሞ ጎሚስታው ተማክረን ያዘጋጀነው ትርኢት መስሎት ያጨበጭባል፣ ያፏጫል።

ቀስ ብለው አቆሙ፤ ልክ ተሳፋሪ እንደሚያወርዱ። በሩን ከፍተው ወጡ። ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው ሁሉ ዱቄት ነው። እንደ ልጅ እየሳቁ ወደ እኔ ሳይሆን ጎሚስታው ወደሚያጨበጭብበት አቅጣጫ ዞረው ተጣሩ፤ «በርሜሏን አልነካኋትም አይደል?» አሉ።

እኔ ከኋላቸው ቆሜ «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ለአፍታ አልገባቸውም። አንቺ የት ነሽ አሉኝ። እዚሁ ነኝ፣ መሀል ነው የነበርኩት፣ በርሜሉ የለም፣ የዞሩት እኔን ነው አልኳቸው። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። እጃቸውን ዘርግተው መጡና ካፖርቴን ከትከሻዬ ጀምረው እስከ ጫፉ ዳሰሱት፤ እንደገና ከጫፉ እስከ ትከሻዬ። ጎሚስታው ሮጦ ደርሶ ነገሩን ሲሰማ ሲሚንቶው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። በያጁ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። አባባ አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙ፤ ቀይ ነበር እኮ፣ ቀይ ነበር እኮ አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሁሉንም ተናዘዙልኝ። አከራያችንን የሚያውቋት ጫማዋን ስትጎትት ነው። ሻዩን የሚቀዱት ብርጭቆው ሲሞላ ድምፁ ስለሚለወጥ ነው። እኔን ራሴን ፊቴን ካዩኝ ቆይተዋል፤ ከመጡ ጀምሮ ድምፅ ያለው ጥላ ነሽ አሉኝ። መኪናዋን ዓይናቸውን ጨፍነው ከኋላ መምረጣቸውን ስጠይቃቸውማ ከፊት ብቀመጥ ምን አይ ነበር ብለሽ ነው አሉኝ። እኔ ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እያደርኩ፣ በአንድ ማዕድ እየበላሁ፣ ይህን ሁሉ አላወቅሁም! ድንጋጤዬ መኪናዋ ስትዞረኝ ከነበረው ይበልጣል ብልሽ አልዋሸሁም። ታዲያ ለምን ነዱ አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳይወድቅብኝ ስፈራ ነው የነዳሁት፣ አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ልልቀቃት ብዬ ነው አሉኝ። ባዶ መስሏቸው!

በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሐኪም ቤቱ የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው አሉኝ። ከስፌት ቤት ቀርቼ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ እጁን አንስቶ ስንት ጣት ነው ሲላቸው አምስት አሉ። ሁለት ነው ያነሳሁት፣ እንዴት አምስት አሉ ቢላቸው እጅ ካለህ አምስት ጣት ይኖርሃል ብዬ ነው አሉት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ለብቻዬ ጠርቶኝ በዚህ ዓይን ሰው መንገድ ሊሻገር አይገባም ነበር አለኝ። ስለ መኪናው አልነገርኩትም፣ አፌ አልደፈረም። የቀኙን በሚቀጥለው ሰኞ እገፈዋለሁ፣ ተስፋ አለው አለኝ። ግራው ግን ብዙ ቆይቷል፣ ቃል አልገባልሽም አለ። እንግዲህ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ወይ አይተዋል፣ ወይ አላዩም። አንቺ ስታነቢው ነገሩ አልቆ እኔ እዚህ አሁን ሳላውቀው መቀመጤ ራሱ ያስደነግጠኛል። ጸልዪላቸው። ስትጽፊላቸውም አትቆጫቸው፤ እኔ ተቆጥቼ ጨርሻለሁ፣ ያንቺ ተጨምሮ አይችሉትም።

ጎሚስታው ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬው ቀንሷል። መኪናዋን በሸራ ሸፍኖ አቁሟታል። ሰኞ ሐኪም ቤት አብሬ እመጣለሁ ብሏል፣ በያጁም ራሱን ነቅንቋል፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ለባለቤትሽ ወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መሪ ሲይዝ መነጽሩን እንዳይረሳ በይው፣ አልቀለድኩም። ትልቁ ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ትንሿን ደግሞ አያትሽ አሮጌ መኪና መምረጥ ያውቃሉ በያት፣ የቀረውን ስታድግ ትሰማዋለች። አማትሽን እግዜር ይማርዎት በይልኝ። ጎረቤትሽን ሰዓሊዋን፣ የግቢውን ዘበኛ፣ ስሜን አንስቶ የጠየቀሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አባባም ሰላም ይሉሻል። መጀመሪያ ለትልቋ እንዳትጽፊባት፣ ከሩቅ ሆና ምን ታደርጋለች ብለው ለምነውኝ ነበር። ሞቼ እገኛለሁ አልኳቸው። እንግዲያው ይህን ጨምሪበት አሉኝ፤ እንዳሉት ነው የምጽፍልሽ። «ለማን ብዬ ነው የማየው ስል የነበረውን ትቼዋለሁ በያት። ሐኪም ቤት የምገባው የሞተችውን ላያት አይደለም፤ የቀራችሁትን እንዳልገጭ ነው።»

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ